የሰውን ንቃትና የእጅ ቅልጥፍና የሚለካ የኮምፒውተር ፈተና ራሱ በምን ይመዘናል?

የሜክሲኮዋ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ።

የምሠራው ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኞች ጤና ክፍል ውስጥ ነው። ከምንከታተላቸው ሠራተኞች ብዙዎቹ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከቤታቸው ወጥተው የጠዋቱን ፈረቃ የሚጀምሩ የአውቶቡስ ሾፌሮች ናቸው። ድካም በንቃታቸውና በእጃቸው ቅልጥፍና ላይ የሚያሳድረውን ጫና እንድንለካ ታስቦ በኮምፒውተር የሚሰጥ የፈተና ጥቅል ተገዝቶልናል። በውስጡ አምስት ፈተናዎች አሉ፤ ስክሪኑ ላይ ምልክት ሲታይ ቁልፍ መጫን፣ ከአራት ምልክቶች የታየውን ለይቶ የራሱን ቁልፍ መጫን፣ የተነበቡ ቁጥሮችን በቅደም ተከተል መድገም፣ በ10 ሰከንድ ውስጥ በጠቋሚ ጣት የቻሉትን ያህል ቁልፍ መምታት፣ እንዲሁም የሚንቀሳቀስ ነጥብን በማውስ መከተል ናቸው።

ሾፌሮቹን ከመጥራቴ በፊት ፈተናውን በራሴ ላይ ሞከርሁ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን ፈተና በላፕቶፑ ስወስድ አማካይ የምላሽ ጊዜዬ 268 ሚሊሰከንድ ሆነ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያንኑ ፈተና በታብሌቱ ስወስደው 341 መጣ። ሌሊቱን በደንብ ተኝቻለሁ፤ በመካከሉ ያደረግሁት ነገር ቢኖር አንድ ስኒ ቡና መጠጣት ነው። የታብሌቱን ሪፖርት ብቻ የሚያነብ ሰው ግን በቀይ የተጻፈውን «ንቃት ዝቅተኛ» የሚል ቃል አይቶ ይፈርድብኛል። ይህ ፍርድ ነገ በአንድ ሾፌር ላይ ቢሰጥ ሰውየው ከመሪው ሊነሣ፣ የቤተሰቡ እንጀራ ሊነካ ይችላል። በእውነት የደከመው ደግሞ «ደኅና ነህ» ተብሎ ተሳፋሪ ጭኖ ከለገሃር ቢነሣ ጉዳቱ ከዚህ ይብሳል።

ሻጩን ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ ፈተናዎቹ በውጭ አገር ተረጋግጠዋል የሚል ብቻ ነው። እናንተን የምጠይቀው እንዲህ ያለ ፈተና ለተገዛበት ሥራ ብቁ መሆኑን በራሳችን እጅና ባለን አቅም እንዴት እንደምንመረምር ነው። ከምን እንጀምር?

ሽቦና ሰዓት

እኅቴ፣ ሾፌር ሳይጠሩ በራስዎ መጀመርዎ ትልቅ ነገር ነው። ያዩት የ73 ሚሊሰከንድ ልዩነት አብዛኛው ከእርስዎ ሳይሆን ከመሣሪያዎቹ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተለመደ ስክሪን ምስሉን በሰከንድ 60 ጊዜ ያድሳል፤ ይህም በየ16.7 ሚሊሰከንዱ አንድ ጊዜ ማለት ነው። ፕሮግራሙ «ምልክቱ አሁን ይታይ» ብሎ ሰዓቱን ቢያስነሣም ምልክቱ ለዓይን የሚደርሰው ስክሪኑ ቀጥሎ በሚታደስበት ቅጽበት ነው። ኪቦርዱም ቢሆን ቁልፎቹን በየተወሰነ ጊዜ እየዞረ ይቃኛል እንጂ በተነካበት ቅጽበት አይናገርም። የታብሌት ስክሪን ደግሞ ንክኪውን ለማወቅ፣ ከአላስፈላጊ ንክኪ ለመለየትና ለፕሮግራሙ ለማስረከብ በርካታ አሥር ሚሊሰከንዶችን ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ የሚወጣው ቁጥር የሰው ጊዜና የመሣሪያ ጊዜ ድምር ነው። ጤናማ ወጣት ለሚታይ ምልክት ምላሽ ለመስጠት በአብዛኛው ከ200 እስከ 250 ሚሊሰከንድ እንደሚወስድ ስናስብ፣ መሣሪያው የሚጨምረው 50 ወይም 80 ሚሊሰከንድ ቀላል አይደለም።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት መዘግየት መለየት ያስፈልጋል። መሣሪያው ሁልጊዜ እኩል የሚዘገይ ከሆነ ያው ሰው በዚያው መሣሪያ ዛሬና ነገ ሲፈተን መዘግየቱ ከሁለቱም በኩል ስለሚቀናነስ ልዩነቱን አያበላሽም። አንዴ 30፣ አንዴ 90 እየሆነ የሚዋዥቅ ከሆነ ግን ውጤቱን ያደፈርሰዋል፤ ያንን ማጥራት የሚቻለው የሙከራውን ብዛት በመጨመር ነው። ከሁሉ የከፋው ግማሹን ሰው በላፕቶፕ፣ ግማሹን በታብሌት ፈትኖ ማወዳደር ነው።

ይህን ለመለካት ውድ ዕቃ አያስፈልግም። በሰከንድ 240 ምስል የሚያነሣ የስልክ ካሜራ ካለዎት እያንዳንዱ ምስል ወደ 4.2 ሚሊሰከንድ ይወክላል። ቁልፍ ሲጫን ስክሪኑ ቀለም እንዲቀይር የሚያደርግ አንድ ቀላል ገጽ ይክፈቱ፤ ጣትዎና ስክሪኑ አብረው እንዲታዩ አድርገው ይቅረጹ፤ ከዚያም ጣቱ ቁልፉን ከጫነበት ምስል እስከ ቀለሙ መቀየሪያ ድረስ ያሉትን ምስሎች ይቁጠሩ። የሚያገኙት የግቤትና የስክሪን መዘግየት ድምር ነው፤ በፈተናውም ላይ የሰውየው ጊዜ ላይ የሚታከለው ይኸው ድምር ነው ለማለት ይቻላል። 30 ጊዜ ይድገሙትና አማካዩን ብቻ ሳይሆን መዋዠቁንም ይመዝግቡ።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ተዛውሮ ኃይል ወደ መቆጠብ ስለሚገባ ፍጥነቱ ሊለወጥ ይችላል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አቀማመጥ ፈትኑ። ፈተናው በኢንተርኔት ማሰሻ የሚከፈት ከሆነ ደግሞ ማሰሻዎች ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለደኅንነት ሲባል የሰዓታቸውን ረቂቅነት እንደቀነሱ ይወቁ፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሚጫን ዓይነት ካለው እርሱን ይምረጡ።

የአራት ኪሎው መምህር

ሽቦና ሰዓት የጻፉት በትክክል መጀመር ያለበት ቦታ ነው። ይሁንና ሰዓቱ ቢስተካከልም ፈተናው ገና አልተመዘነም።

በቅድሚያ አንድ ነገር ይወስኑ። ሾፌሩን የሚያወዳድሩት ከሌላ ሰው ጋር ነው ወይስ ከራሱ ጋር? የእርስዎ ጥያቄ ድካም ከሆነ መወዳደር ያለበት አርፎ ከመጣበት ቀን ከራሱ ጋር ነው፤ በተፈጥሮው ቀስ ብሎ ምላሽ የሚሰጥ፣ ግን ሠላሳ ዓመት ያለ አደጋ የነዳ ሰው አለና። እንዲህ ሲሆን ከፈተናው የሚፈለገው ዋናው ባሕርይ ተደጋግሞ ሲወሰድ መርጋት ነው። ይህን ጉዳይ በሰፊው ከመረመሩት መካከል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በኒው ኦርሊንስ የነበሩ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ተመራማሪዎች ይገኙበታል። መርከብ ላይ በማዕበል የሚናወጥን ሰው በየቀኑ ለመፈተን ስለፈለጉ ፈተናዎቹን ለየቀኑ ድግግሞሽ አቅርበው ሦስት ነገር ይጠብቁ ነበር፤ አማካዩ መርጋቱን፣ በሰዎች መካከል ያለው መበታተን መርጋቱን፣ የሰዎቹም ደረጃ ከቀን ወደ ቀን አለመለዋወጡን። የታወቁና የተወደሱ ብዙ ፈተናዎች ይህን መስፈርት ሳያሟሉ ቀርተዋል።

ስለዚህ ሾፌሮቹ ከመለካታቸው በፊት ይለማመዱ። የመጀመሪያው ቀን ውጤት የሚያሳየው ሰውየው ፈተናውን እየለመደ መሆኑን ነው፤ ማውስ ጨብጦ የማያውቅ ሾፌር የሚንቀሳቀሰውን ነጥብ ሲከተል ደግሞ የምንለካው የመንዳት እጁን ሳይሆን የማውስ ልምዱን ነው። በአራትና በአምስት ቀን ልምምድ መሻሻሉ ሲቆም መነሻውን፣ ማለትም አርፎ ሲመጣ የሚያሳየውን ውጤት፣ ይውሰዱ። መሻሻሉ የማይቆም ፈተና ካለ ከጥቅሉ ያውጡት።

ከዚያ በኋላ አርፈው በመጡበት ጊዜ በአንድ ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ፈትነው ውጤቶቹን ያስተያዩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የሁለቱ ቀን ውጤቶች ተዛምዶ (አንዱ ከፍ ሲል ሌላውም አብሮ ከፍ የማለቱ መጠን) ከፍተኛ ነው ማለት ውጤቶቹ ይስማማሉ ማለት አይደለም። ሁሉም ሰው እኩል 30 ሚሊሰከንድ ቢሻሻል ተዛምዶው ፍጹም ሆኖ ይቀራል፤ ልኬቶቹ ግን አንድ አይደሉም። ብላንድና አልትማን የተባሉት የእንግሊዝ የስታቲስቲክስ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ የየሰውን ሁለት ልኬት አቀናንሰው ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚበታተን በቀጥታ ይመልከቱ።

በቁጥር ላስረዳ። የሾፌሮቹ ውጤት እርስ በርስ የሚለያይበት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (የመበታተን መለኪያ) 40 ሚሊሰከንድ፣ የፈተናው አስተማማኝነት (ፍጹም ሲሆን 1 የሚባለው) ደግሞ 0.7 ነው ብለን እናስብ። ከ1 ላይ 0.7 ስንቀንስ 0.3 ይቀራል፤ የዚህን ዳግም ዘር (ስኩዌር ሩት) በ40 ስናባዛ የአንድ ልኬት ስሕተት 22 ሚሊሰከንድ ያህል ይሆናል። ሁለት ልኬት ሲቀናነስ ሁለቱም ስሕተታቸውን ይዘው ስለሚመጡ ቁጥሩ በ2 ዳግም ዘር ተባዝቶ 31 ይደርሳል፤ በ95 ከመቶ እርግጠኝነት ለመናገር ደግሞ በ1.96 እናባዛዋለን፤ 61 ገደማ። እንግዲህ አንድ ሾፌር ከመነሻው በ45 ሚሊሰከንድ ቢዘገይ ስለ ድካሙ አንዳች ነገር ልንል አንችልም። አስተማማኝነቱ 0.9 ቢሆን ኖሮ ይኸው ወሰን ወደ 35 ይወርድና ያ 45 ትርጉም ያገኝ ነበር። የእርስዎ የላፕቶፕና የታብሌት ልዩነት 73 እንደነበር ያስታውሱ፤ ከሁለቱም ወሰን ይበልጣል። የተቀየረው መሣሪያ እንጂ ሰው ባለመሆኑ፣ ስሌቱ የሚያገለግለው መሣሪያው አንድ ሲሆን ብቻ እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

ከአንዱ ውጤት ሌላውን ቀንሰው የሚዘጋጁ ነጥቦችንም በጥንቃቄ ይዩ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ የብሪታንያ ጥናት እንዳሳየው፣ የቀለም ስም በሌላ ቀለም ተጽፎ የሚቀርብበትን ጨምሮ በቡድን ደረጃ ሁልጊዜ ግልጽ ውጤት የሚሰጡ ፈተናዎች ሰውን ከሰው ለመለየት ሲሆን ደካማ ሆነው ተገኝተዋል። ሁሉም ሰው ተመሳሳይ ለውጥ ስለሚያሳይባቸው በሰዎች መካከል የሚቀረው ልዩነት ትንሽ ነው። አንድ ፈተና «በጥናት ተረጋግጧል» ሲባል ለየትኛው ጥያቄ እንደተረጋገጠ መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በመጨረሻ ተገቢነቱ ይቀራል፤ ማለትም ፈተናው ሲደክሙ በእውነት ይለወጣል ወይ የሚለው። በእንቅልፍ ማጣት ውጤቱ በግልጽ እንደሚለወጥ በተደጋጋሚ የታየው እ.ኤ.አ. በ1985 የተዋወቀው የንቃት ፈተና ነው። ምልክቱ ከ2 እስከ 10 ሰከንድ በማይታወቅ ልዩነት እየመጣ ፈተናው 10 ደቂቃ ይቆያል፤ ከ500 ሚሊሰከንድ በላይ የዘገየ ምላሽም እንደ መዘንጋት ይቆጠራል። አሰልቺነቱ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ድካም ለአንድ ደቂቃ በጥረት ሊሸፈን ይችላል፤ ለ10 ደቂቃ ግን ያስቸግራል። የእርስዎ ጥቅል የመጀመሪያው ፈተና ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ ይንገሩኝ። ነጥብ የመከተል ፈተናን በሚመለከት እ.ኤ.አ. በ1997 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ነበር፤ ለ17 ሰዓት ሳይተኙ የቆዩ ሰዎች ውጤት በደም ውስጥ 0.05 ከመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር የሚስተካከል ሆኖ ተገኝቷል። እንዲህ ያለ ንጽጽር ለፈተናው ትርጉም ይሰጠዋል፤ ኃላፊም ይገባዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሪፖርቱ አማካይን ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ጥሬውን መረጃ ይጠይቁ፤ የምላሽ ጊዜ ወደ አንድ ወገን የተንጋደደ ስለሆነ መካከለኛው ቁጥር (ውጤቶቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው) ይሻላል። የስሕተቱንም ብዛት ሳያዩ ፍጥነቱን አይመኑ፤ ሳያስተውል የሚጫን ሰው ፈጣን ይመስላል።

ነርስ ዘፒያሳ

እኔ ከስሌቱ ይልቅ በክፍሉ ውስጥ ያየሁትን ላካፍላችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ተመሳሳይ ጥቅል ለሌላ ጥናት ተጠቅመን ነበር።

በዕድሜ ገፋ ያሉ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ የጣት ምት ፈተናውን ወስደው በ10 ሰከንድ 280 ምት ተመዘገበላቸው። ጤናማ ጎልማሳ በዚያ ጊዜ የሚመታው ወደ 50 ገደማ ነው። ደግመው እንዲሠሩ ጠይቄ ጣታቸውን አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ተመለከትሁ። ቁልፉን ጫን አድርገው ያዙትና አልለቀቁትም። ኪቦርዱ ደግሞ ፊደል ሲያዝ ደጋግሞ እንደሚጽፈው ሁሉ በራሱ ይደጋግም ነበር፤ ፕሮግራሙም እያንዳንዱን ድግግሞሽ እንደ አዲስ ምት ቆጠረው። ሰውየው ያጠፉት ነገር የለም፤ «ቶሎ ቶሎ ተጫን» የሚለውን መመሪያ በገባቸው መንገድ ነው የፈጸሙት። ከዚያ ቀን በፊት የተፈተኑትን ሰዎች መዝገብ በሙሉ እንደገና አየን፤ በከፊል እንዲህ የሠሩ፣ ውጤታቸው ግን ቅጥ ያጣ ስላልሆነ ያላስተዋልናቸው ሌሎች ሦስት ሰዎች ተገኙ። ጣታቸውን ባላይ ኖሮ ቁጥሩ ብቻውን አይነግረኝም ነበር።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። አንድ ባልደረባችን የልደት ዓመቱን 1980 ብሎ አስገባ። ፕሮግራሙ እንደ አውሮፓውያን ቆጥሮ ከእውነተኛ ዕድሜው ከ7 እስከ 8 ዓመት አስረጀውና ከእርሱ ከሚበልጡ ሰዎች ጋር አወዳድሮ «ከፍተኛ ውጤት» ሰጠው። በዚህ ስሕተት የሚሸፈነው ድካም ስለሆነ ማንም ቅሬታ አያቀርብበትም። ዓመቱን መዝጋቢው ራሱ ለውጦ ያስገባ።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። ቁጥር መድገሙን ወደ አማርኛ ስንመልሰው ፈተናው ሌላ ፈተና ይሆናል። በእንግሊዝኛ ከ1 እስከ 9 ካሉት ቁጥሮች ሁለት ቀለም (ማለትም በአንድ ትንፋሽ የሚጠራ የቃል ክፍል) ያለው 7 ብቻ ነው፤ በእኛ ግን አንድ ቀለም ያላቸው አንድና ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሁለት፣ አራት፣ አምስት እያለ እስከ ዘጠኝ ሁሉም ሁለት ሁለት ነው። ለመጥራት ረዘም የሚል ቃል በአፍታ የሚታወስበት መጠን እንደሚቀንስ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ነው። ስለዚህ የውጭ ማነጻጸሪያውን ተጠቅሞ «የማስታወስ ችሎታው አነስተኛ ነው» ማለት በደል ነው። ቁጥርና ፊደል እያፈራረቁ የሚያገናኙበትን ፈተና ለመተርጎም ስንሞክርም አንዱ ሀ፣ ለ፣ ሐ ሲል ሌላው ሀ፣ ሁ፣ ሂ እያለ ይሄድ ነበር፤ ሁለቱም በተማሩት መንገድ ልክ ናቸው። ከፊደል ይልቅ ቀለምና ቁጥር የሚያፈራርቀው ዓይነት የተሠራው ለዚህ ዓይነቱ ችግር ስለሆነ ወደ እርሱ ዞርን።

ጾምንም አትርሱ። በዐቢይ ጾም እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ያልቀመሰን ሰው ቀኑ 8 ሰዓት ላይ ፈትኖ በፋሲካ ሰሞን ከተወሰደ መነሻ ጋር ማወዳደር ምን እንደሚለካ አይታወቅም። በረመዳንም እንዲሁ። ሰዓቱን፣ የመጨረሻውን ምግብና ቡና፣ የተኛበትን ሰዓት መዝግቡ።

የሜክሲኮዋ

መምህር፣ ሽቦና ሰዓት፣ እኅቴ ነርስ፣ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ምክራችሁን ካነበብሁ በኋላ ያደረግሁትን ላሳውቃችሁ።

ላፕቶፑንና ታብሌቱን በስልክ ካሜራ ቀርጬ ቆጠርሁ። ላፕቶፑ ላይ አብዛኛው ከ12 እስከ 16 ምስል ሆነ፤ ታብሌቱ ላይ ግን ከ22 እስከ 38 እየተዋዠቀ ነው። ስለዚህ ታብሌቱን ከሥራው አውጥቼዋለሁ። የመጀመሪያው ፈተናም የሚወስደው 90 ሰከንድ ብቻ ነው። የምንፈትንበት ክፍል መስኮቱ ወደ አደባባዩ ስለሆነ የታክሲ ረዳቶች ጥሪና የቀላል ባቡሩ ድምፅ ይገባል፤ ቁጥር የሚነበብበትን ፈተና በዚያ ክፍል መስጠት ተገቢ ሆኖ አላገኘሁትም።

ኃላፊዎቼ ግን አንድ ጥያቄ እየደጋገሙ ያነሣሉ፤ «ከስንት ሚሊሰከንድ በላይ ሲሆን ነው ሾፌሩ የማይነዳው?» ይላሉ። ለዚህ አንድ ቁጥር መስጠት ይቻላል?

የአራት ኪሎው መምህር

ለሁሉም ሾፌር የሚሆን አንድ ቁጥር አይስጧቸው። ለአንዱ 290 የተለመደ ቀኑ ነው፤ ለሌላው የሌሊቱን እንቅልፍ ያጣበት ቀን ነው። መስጠት የሚችሉት ከየሾፌሩ መነሻ ምን ያህል ሲርቅ ልዩነቱ ከልኬት ስሕተት እንደሚያልፍ ነው፤ እርሱም ከራሳችሁ ልኬት ተሰልቶ የሚገኝ እንጂ ከሻጩ መመሪያ የሚገለበጥ አይደለም። ወሰኑን ያለፈ ሾፌር ሲገኝ የመጀመሪያው እርምጃ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሞ መፈተንና ስንት ሰዓት እንደተኛ መጠየቅ ይሁን። ፈተናው ከመንዳት ጋር ያለውን ዝምድና በራሳችሁ ሾፌሮች ላይ ገና ስላላያችሁት፣ ከሥራ ማገድን የሚያህል ውሳኔ ዛሬ ሊሸከም አይችልም። ይህን ለኃላፊዎችዎ በጽሑፍ ይስጧቸው።

90 ሰከንዱ ያሳስበኛል። ፕሮግራሙ ርዝመቱን እንዲቀይሩ ከፈቀደ 10 ደቂቃ ያድርጉት፤ ጊዜ ካጠረ የ3 ደቂቃ ዓይነትም ተዘጋጅቶ ተሞክሯል፤ እርሱ ግን መዘንጋት የሚለው ወሰን 355 ሚሊሰከንድ ነው፤ የምልክቶቹም ልዩነት ከ1 እስከ 4 ሰከንድ ነው። የአንዱን ወሰን ለሌላው እንዳይጠቀሙ።

የሜክሲኮዋ

እሺ መምህር። ርዝመቱን መቀየር ስለሚፈቅድ 10 ደቂቃ አድርጌዋለሁ። የጣት ምቱን ፈተና ቁልፍ ተይዞ ሞክሬው እንደ ነርሷ ጥቅል በራሱ እንደሚቆጥር ስላየሁ፣ የኪቦርዱን ድግግሞሽ ከኮምፒውተሩ ቅንብር ላይ አጥፍቼዋለሁ። ቁጥር መድገሙን ለጊዜው ትቼዋለሁ። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ በፈቃዳቸው የተመዘገቡ ሾፌሮች ከዕረፍት ቀናቸው ማግስት፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ በአንዱ ላፕቶፕ፣ በጀርባ በኩል ባለው ጸጥ ያለ ክፍል ልምምዱን ይጀምራሉ። ኃላፊዎቼ በልምምዱና በመነሻው ጊዜ የማንም ሾፌር ውጤት በስሙ ከክፍላችን እንደማይወጣ ፈርመውልኛል። የሁለቱን ሳምንት ልኬት ስጨርስ የልዩነቶቹን ሠንጠረዥ እዚሁ አቀርባለሁ፤ ስሌቱን እንድታዩልኝ።